ቁስሉ ከደረቀ በኋላ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ሻይ አፍልተው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግር ያደረገው ወጣት ሐኪም፣ አዴ ጫልቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ የወለጋን ሕዝብ ቁስል ሲያጥቡና ፋሻ ሲያስሩ የኖሩ እናታችን ናቸው አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፤ ሆዴ ግን አልተቀበለውም። ቁስል ማጠብና ፋሻ ማሰር የሥራዬ ትንሹ ነው። ቁስል፣ እግዜር ይስጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይደርቃል። እኔን ያቃጠለኝ፣ ጠጉሬን ያሸበተው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ያለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ከበቅሎ ይወድቃል፤ ከዛፍ ይወድቃል፤ በገበያ ጠብ ራሱ ላይ በዱላ ይመቱታል። ተሸክመው ያመጡታል። ይሰፋል፣ ይተኛል፣ ነፍሱን ያውቃል። ቁስሉ ሲደርቅ ቤተሰቡ እልል ብሎ ወስዶ በግ ያርድለታል። ብዙ ሳይቆይ ሚስቱ ለብቻዋ ትመጣለች። ደጃፉ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ ይህ ሰው የእኔ ሰው አይደለም ትላለች። ምን ሆነ ሲሏት መናገሩ ይቸግራታል። ይበላል፣ ይሄዳል፣ ዓይኑም ያያል። ግን በሬውን ጠምዶ እርሻው መካከል ትቶት ይመጣል። በገዛ መንደሩ መንገድ ይጠፋበታል። ትናንት የነገሩትን ዛሬ አልሰማሁም ይላል። ዘመዱ ውሸታም ሆነ ይለዋል፤ ጎረቤቱ ሰነፈ ይለዋል፤ ሌላው መተት ነው ይላል። ጭንቅላቱ ተጎድቷልና ሥራውንም ሰውንም እንደ ገና ይልመድ የሚል ግን አንድም አይገኝም።

ይህን እንደ ገና ማስለመድ የሚባል ነገር ያሳዩኝ ኦቦ ኢተፋ ናቸው። እኔ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ልጅ ነኝ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ጥቂት ክፍል ተምሬ፣ ነቀምት ከተማ በነበረ አንድ ሆስፒታል ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢ፣ ሆኜ ስቀጠር አለቃዬ ሆኑ። ረጅም፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። በሽተኛ ቤት ስንሄድ ቦርሳ እንዳልይዝ ከለከሉኝ። በዚያ ዘመን መርፌ ካልተወጋ ታከምኩ የሚል ሰው አልነበረም፤ ቦርሳ ያየ እንደ ሆነ ሰፈሩ በሙሉ እጅጌውን ጠቅልሎ ይሰለፍ ነበር። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ገብተው ይቀመጡና ከበሽተኛው ከራሱ ውሃ ይለምናሉ። ሚስቲቱ ልትነሣ ስትል በእጃቸው ምልክት ያስቀምጧታል። ሰውየው ተነሥቶ ጣሳ ይፈልጋል፤ ጣሳውን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ይረሳል፤ ይመለሳል፤ ከእንስራው ሲቀዳ ግማሹን ያፈሰዋል። እሳቸው የተረፈውን ጠጥተው ያመሰግኑታል። በዚያች አንዲት ጣሳ ውሃ ያዩትን የሚነግሩኝ መንገድ ላይ ነው፤ ዓይኑ በየትኛው ወገን እንደሚስት፣ የትኛው እጁ እንደ ሰነፈ፣ የተላከበትን ነገር እስከ የት ይዞ እንደሚዘልቅ።

በሽተኛው ቃል ጠፍቶት ሲንተባተብ ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ይጀምራሉ። ያ መነጽር በሕይወቱ ቆሽሾ አያውቅም። ሰውየው የሚጠብቀው ሰው ያለ እንዳይመስለው ነው። አንድ ቀን እኔ ትዕግሥት አጥቼ ቃሉን ለአንድ ሸማኔ ቀድሜ ተናገርኩለት። ከቤቱ እንደ ወጣን፣ «ልጄ፣ ከሰው አፍ ጉርሻ ለምን ትነጥቂያለሽ?» አሉኝ።

ሥራ ሲያስጀምሩ ከመጨረሻው ነው። ሸማኔ ከሆነ ሌላ ሰው ሸምኖለት እሱ ጫፉን ይቋጫል። ገበሬ ከሆነ ሌላው አርሶ ሲጨርስ በሬውን ፈትቶ ያስገባል። ጨርሶ የገባ ሰው በማግሥቱ ይነሣል፤ ጀምሮ ያቃተው ሰው ግን ፊቱን አዙሮ ይተኛል ይሉ ነበር። ያንን ሲለምድ ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ይጨምሩለታል፤ እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ ሄደው እስከ መጀመሪያው ያደርሱታል። ወራት ይፈጃል። የበላዮቻችን ይህን እንደ ሥራ አይቆጥሩትም ነበር። ሰው ቤት ሄዶ ውሃ መጠጣት ምን ሕክምና ነው ይሉን ነበር።

ከዚያ አርጆ ተመደብኩ። እዚያ የደረሰውን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቶላ የሚባል ንብ አርቢ ነበር። ቀፎ ሊሰቅል ዋንዛ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ነቀምት ታክሞ፣ ቁስሉ ደርቆ አገሩ ሲገባ እንድከታተለው ኦቦ ኢተፋ ላኩብኝ። የቶላ መልኩም ንግግሩም ምንም አልሆነም። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ቆሞ የእኔን፣ የልጆቼን፣ የከብቶቼን ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃል። ጉዳቱ ያለው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ልጓም የለውም። ሲናደድ በንዴቱና በእጁ መካከል የሚያቆመው ነገር አልቀረም። ጫጫታ ሲበዛ፣ ፀሐይ ሲጠና፣ ሲደክመው ሌላ ሰው ይሆናል።

ሥራ ግን አላጣንለትም። ዛፍ መውጣቱን ትቶ መሬት ላይ ቀፎ እንዲሠራ አደረግን። ጠዋት ቀዝቀዝ ሳለ ጓሮ ብቻውን ተቀምጦ ቀርከሃውን ይሰነጥቃል፣ ያጎብጣል፣ በሐረግ ያስራል፣ ውስጡን በአዛባ ይለቀልቃል። እጁ አልረሳውም። ራሱን ካመመው በኋላ ሳይሆን ገና ሳያመው እንዲያቆም፣ ፀሐይዋ ከጎጆው ጣሪያ በላይ ብቅ ስትል እንዲነሣ አስለመድኩት። የሠራቸው ቀፎዎች ገበያ ወጡ። ሚስቱ መሳቅ ጀመረች።

የአጨዳ ጊዜ ደረሰ። ታላቅ ወንድሙ ዋቅጅራ ለጤፉ ደቦ ጠራ፤ ቶላም እንዲወጣ ፈለገ። ሄጄ ለመንኩት። ብዙ ሰው፣ ፀሐይ፣ ጠላ፣ ዘፈን፣ ማጭድ፤ ይህ ሁሉ ባንድ ቀን አይሆንለትም፣ መጀመሪያ ከአንተ ጋር ብቻ ጥቂት ይጨድ አልኩት። ዋቅጅራ አልተቆጣኝም። በትሕትና አዳመጠኝና፣ «አዴ፣ እንደኛ ይበላል፣ እንደኛ ይናገራል፤ ታዲያ ለምን እንደኛ አያጭድም? ሰው ምን ይለናል?» አለኝ። ሐኪሞቹስ ቁስሉ ደርቋል ብለው ሰጥተውን የለም ወይ ብሎ ጨመረ። ወደ ቶላ ሚስት ዞር ብል አቀርቅራለች።

በደቦው ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ጎረቤት፣ እንደ ሴት ጓሮ ለጓሮ ሲል ከርሞ ዛሬ ወጣ ብሎ ቀለደበት። ሰው ሳቀ። ቶላ በያዘው ማጭድ የሰውየውን ክንድ እስከ አጥንቱ ገመሰው። ያንን ክንድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎች ካሳ ፈረዱ፤ ቤተሰቡ ደግሞ የቶላን እግር በሰንሰለት ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰረው። ልጠይቀው ስገባ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሰንሰለቱ እንዳይሰማ በእጁ ያዝ አድርጎ፣ እንደ ወትሮው የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አብጃለሁ እንዴ፣ አዴ? እውነቱን ንገሪኝ» አለ።

አላበድክም አልኩት።

«እንግዲያ ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ለወንድሙ ነገርኩ፤ ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ፤ የሚሰማኝ ሹም ይገኝ እንደ ሆነ ብዬ ደጅ ጠናሁ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ አዘነ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለኝ፤ ሰንሰለቱን የፈታ ግን የለም። ክረምቱ ሲገባ ቶላ እንደ ታሰረ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከሁሉ አብዝቶ ያለቀሰው ዋቅጅራ ነው፤ የውሸት ልቅሶም አልነበረም። ይህ ይበልጥ አናደደኝ። የምጠላው ሰው እንኳ አላገኘሁም።

ይህን ለኦቦ ኢተፋ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ሊወጣ ሲል ሚስቱን ብቻ ሳይሆን ወንድሙን፣ ጎረቤቱን፣ አብሮት የሚሠራውን ሰው ሁሉ ጠርተው አስቀምጠው ጉዳቱን ሳያስረዱ አያሰናብቱም ነበር። እሳቸው ወደ ጊምቢ ሲዛወሩ ነቀምት በቦታቸው ተተካሁ፤ ይህንንም ልማድ ወረስኩ። ሰው ተሰብስቦ ስለ ሰማኝ የተቀበለኝ መስሎኝ ነበር። አቶ ጉርሜሳ እስኪመጡ ድረስ።

አቶ ጉርሜሳ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ የአገሩ ገበሬ ደግሞ የሚያውቀው ኦሮምኛ ነው። ባላገሩ የተናገረውን ለዳኛው፣ ዳኛው የተናገሩትን ለባላገሩ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። በከተማው እንደሳቸው አማርኛ የሚያሳምር ኦሮሞ አልነበረም ይባላል። ኩራታቸውም እሱ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ቋንቋ አይነገርም። ሚስታቸው አስካለ የጎጃም ሰዎች ልጅ ናት። ነቀምት ተወልዳ አድጋ፣ ገበያ ላይ ጨው እየሸጠች እንኳ ኦሮምኛዋ ከዋጋ ጥሪ አያልፍም።

አንድ ቀን ለድንበር ክርክር ከዳኛው ጋር ወደ ገጠር ሲወጡ በቅሏቸው ደንብራ ድንጋይ ላይ ጣለቻቸው። ነፍሳቸውን ሲያውቁ ቀኝ እጃቸው ሰንፎ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ የወጣቸው የመጀመሪያ ቃል «ቢሻን» ነው፤ ውሃ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የመጣውም ሁሉ ኦሮምኛ ነው፤ የልጅነታቸው፣ የእናታቸው ቋንቋ። አማርኛ ሲነገራቸው ብዙውን ይሰማሉ። ሊመልሱ ሲሉ ግን ባዶ ነው።

አስካለ አላመነችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ደንቆሮ ይመስል፣ በአማርኛ ትጮህባቸዋለች። የሚያስቸግረው ደግሞ አባታችን ሆይን በአማርኛ ሲደግሙ አንዲት ቃል አይስቱም። ቁጥርም ከአንድ ጀምረው ሳይደናቀፉ ያወርዱታል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስገባ እንባዋ በጉንጭዋ እየወረደ ጠበቀችኝ።

«ለእግዜር ሲሆን ምላሱ ይፈታል፤ ለእኔ ሲሆን ነው ወይ የሚታሰረው?» አለችኝ። «ምን በድየው ይሆን?»

በቃል የተጠና ነገርና አሁን ታስቦ የሚወጣ ንግግር ከአንድ ቦታ እንደማይመጣ፣ ቀድሞ የገባ ቋንቋም አንዳንዴ ቀድሞ እንደሚመለስ፣ ሆስፒታላችን የነበረ አንድ ፈረንጅ ዶክተር እንዳስረዳኝ አስረዳኋት። ሰማችኝ፤ በማግሥቱ ጠበል ወሰደቻቸው። እንደ ገና አስረዳኋት፤ ሰማችኝ፤ ወጌሻ አምጥታ ራሳቸውን በቅቤ አሳሸች። አማርኛው እስኪመለስ ድረስ አንቺ ኦሮምኛ ልመጂ ስላት እንደ ስድብ ቆጠረችው። እኔ ቤቴ እየገባሁ ከራሴ ጋር እነታረክ ነበር።

ዳኛው ከሸዋ የመጡ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ናቸው። አደጋው ሥራ ላይ ስለ ደረሰ የአቶ ጉርሜሳን ቦታ ለሌላ ሳይሰጡ ጠብቀው ነበር። ሊጠይቁ የመጡበት ሰዓት አቶ ጉርሜሳ ጸሎት የሚያደርሱበት ሆነ። ዳኛው በር ላይ ቆመው ያንን የጠራ ድምፅ ሰሙና ደስ አላቸው። ድነዋል፣ ሰኞ ችሎት ይግቡ አሉ። ጸሎት ሌላ፣ ማስተርጎም ሌላ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ለአንድ ዳኛ ጉዳይ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ» ብለውኝ በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ሰኞ ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። አስካለ ኮታቸውን ጠርጋ፣ ኮፍያቸውን አስተካክላ አምጥታቸዋለች። አቶ ጉርሜሳ ቆመው ቃለ መሐላውን በጠራ አማርኛ አወረዱት። ዳኛው ከሩቅ ፈገግ ብለው አዩኝ። ከዚያ አንድ ገበሬ ስለ ጠፋች ጊደሩ ተናገረ። አቶ ጉርሜሳ አዳመጡ፤ ወደ ዳኛው ዞሩ፤ የገበሬውን ነገር ከገበሬው ይበልጥ አሳምረው በኦሮምኛ ለዳኛው ነገሯቸው። ችሎቱ ሳቀ። እሳቸው ምን እንዳሳቀው አልገባቸውም። ዳኛው ያልሰሙ መስሏቸው ከፍ አድርገው ደገሙት። በሁለተኛው ሳቅ ገባቸው። ኮፍያቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ወጡ።

ብዙ ሳይቆይ ሌላ ወጣት አስተርጓሚ ተቀጠረ። አቶ ጉርሜሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እህል ቀመስ አድርገው ዞር ይላሉ፤ ከእኔም ጋር አይነጋገሩም። እኔ ደግሞ የምቆጣው ብዙ ነበር፤ በዳኛው፣ በሳቀው ሰው፣ በዚያ አሳሳች ጸሎት ሳይቀር።

አስካለን የለወጣት ያ ሳቅ ነው። ወሬው ገበያ ደርሶ ሰው አነጋገራቸውን ያስመስል ጀመር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ እኔ ዘንድ ገባች። የጨው ዱቄቱን ከእጅዋ እያራገፈች፣ «የእሱ አነጋገር የሰው መሳቂያ ከሚሆን እኔም እሱኑ ልናገር። አስተምሪኝ» አለችኝ።

እኔ አላስተማርኳትም። እሳቸው እንዲያስተምሯት አደረግሁ። ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ራሳቸው ሳይደክም፣ ልጆቻቸው ውጭ ሳሉ፣ ሦስታችን እንቀመጣለን። አስካለ አንድ ዕቃ አንሥታ ስሙን በኦሮምኛ ትጠራለች፤ ትስታለች፤ እሳቸው ፊታቸውን ከግድግዳው አያዞሩም። መሳሳቷ ግን ለጆሮ የሚዘገንን ነበር። አንድ ጠዋት ማንኪያውን ልትጠራ ብላ ያልሆነ፣ ለማውራት የሚያሳፍር ቃል ተናገረች። አቶ ጉርሜሳ ተገልብጠው ተቀመጡ። በኦሮምኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት እንዳትናገሪ አሏት። ምን እንዳለች ስነግራት ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ሆኑ፤ ቁጡ መምህር።

ቀጥሎ ገበያው መጣ። እንደ ለመድኩት ከመጨረሻው ጀመርን። መጀመሪያ ሲመሽ ሄደው ጆንያውን አስረው አብረዋት ይመለሳሉ፤ በኋላ ከቀትር ጀምሮ፤ በኋላ ሙሉ ጠዋት። በሰነፈው እጃቸው ጨው እንዲሰፍሩ አደረግን። ይጠሉት ነበር። የችሎት ሰው ጨው ሻጭ ሆነ እንዳይባሉ ኮፍያቸውን እስከ ዓይናቸው ያወርዱታል። ሰው ደግሞ አይተዋቸውም፤ ምስኪን እያለ ከንፈሩን ይመጥጥባቸዋል። ከሳቁ ይልቅ ያ ከንፈር መምጠጥ ያበግነኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ሁለት ገበሬዎች በአንድ ላም ተጣልተው እየተጯጯሁ መጡ። ከችሎት ያውቋቸዋል። አንደኛው እንደ ድሮው አቤቱታውን ዘረገፈላቸው። አቶ ጉርሜሳ በእጃቸው ሁለተኛውን ዝም አሰኙት። ቀስ ብለው፣ እየቆራረጡ፣ የአንደኛውን ነገር ለሁለተኛው መልሰው ነገሩት። ከዚያ የሁለተኛውን ለአንደኛው። የኖሩበት ሥራ ነው፤ የጎደለው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መመለሱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲጯጯሁ አንዱ የሌላውን ሰምቶ አያውቅም ነበር መሰለኝ። የጨው ጆንያው ላይ ተቀምጠው ታረቁ።

ወሬው ተሰማና ሰው ይጎርፍ ጀመር። እኔ እንደ ዘበኛ መቆም ሆነብኝ። ጠዋት ብቻ፤ አንድ ጉዳይ ብቻ፤ ከገበያው ወፍጮ ጩኸት ራቅ ብሎ፤ ሲደክማቸው ይነሣሉ እላለሁ። ማን ይሰማኛል። ከአርጆ፣ ከኑኑ ቁምባ ድረስ መጥቶ፣ አዴ የእኔ አጭር ናት ይለኛል፤ እስከ እኩለ ቀን አይጨርስም። አስካለም በተራዋ ተቆጪ ሆነች፤ በኦሮምኛ ነው የምትቆጣው፤ ስትሳሳት ሰው ለመሳቅ ይፈራታል።

በኋላ በአንድ የእርሻ ድንበር ክርክር ዳኛው ባለጉዳዮቹን በሽማግሌ ጨርሱ ብለው አሰናበቱ። ሰዎቹ ከመረጧቸው ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ጉርሜሳ ሆኑ። ጉዳዩ በዕርቅ አለቀ። ውጤቱን ለችሎቱ ቀርቦ የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ላኩ። ሦስት ቀን ስከለክል ቆየሁ። ያ ሳቅ ይደገማል ብዬ ነው። እሳቸው ኮታቸውን አስጠርገው ሄዱ።

አስካለና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። አቶ ጉርሜሳ ቆሙ፤ ወጣቱ አስተርጓሚ ከጎናቸው ቆመ። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ወጣቱ ወደ አማርኛ መለሰው። የሚቸኩል ልጅ ነበርና በየመሐሉ እስኪያደርስ ጠበቁት። ችሎቱ ጸጥ ብሎ ሰማቸው። ሲጨርሱ ዳኛው ለመዝገቡ ስማቸውንና ሥራቸውን ጠየቁ። ስማቸውን ተናገሩ። ወጣቱ ሥራ የሚለውን ጥያቄ በኦሮምኛ ሊነግራቸው ሲዞር በእጃቸው አስቆሙት።

«አስ...» አሉ በአማርኛ፤ ቆሙ።

አስካለ እጄን ጨመቀችው። ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። የትኛው ቃል ሊመጣ እንደ ሆነ ሁላችንም ያወቅን መስሎን ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠበቀ።

«አስ...» አሉ እንደ ገና። ከዚያ ቀና ብለው ዳኛውን አዩአቸው።

«አስታራቂ ነኝ።»

ጸሐፊው ጻፈ።